ጥያቄም በቁና ይሰፈራል



የሃይማኖት ትምህርት ተሰጥቶ ሲያበቃ ታዳሚዎች ጥያቄያቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ወደ መድረኩ ይልካሉ። ወረቀቶቹን ተቀብለህ እንድታነብ አንተ ተመርጠሃል እንበል። አንዱ «ክርስቲያኖች ለምን ሦስት አምላክ ያመልካሉ?» ይላል። ሌላው «ለሥዕል የሚሰግድ ሰው ከጣዖት አምላኪ በምን ይለያል?» ይላል። ሦስተኛው ስሙን ሳይገልጽ «ክርስቲያን ጓደኛዬ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ለጠየቀኝ መልስ አጣሁ፤ ልቤም ተጠራጠረ» ይላል። የትኛውን ታነባለህ? የትኛውን ታስቀራለህ?

ብዙዎች ይህን እንደ ቀላል አገልግሎት ያዩታል። ነገር ግን ወረቀት አንባቢው የሚያሳልፈው ቃል በታዳሚው ሁሉ ጆሮ ገብቶ በማግስቱ በየሰፈሩና በየገበያው ይደገማል። ስለዚህ ሥራው አማና ነው፤ አማና ደግሞ ያስጠይቃል። «እውነት ምንም አትፈራም፤ ሁሉም ይነበብ» የሚሉ አሉ። «ፊትና እንዳይነሳ ስለ ሌላ ሃይማኖት አንድም አይነበብ» የሚሉም አሉ። የሁለቱም ኒያ መልካም ሊሆን ይችላል። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ስድብን ከጥያቄ አይለዩም፤ ሁለተኛዎቹ ደግሞ ከልቡ ማወቅ የፈለገውን ሰው ባዶ እጁን ይሰድዱታል።

ታዲያ መለኪያው ምን ይሁን? ቁርኣን በሱረቱል ሙጠፊፊን (83፡1-3) ከሰዎች ሲቀበሉ አሟልተው የሚሰፍሩትን፣ ለሰዎች ሲሰጡ ግን የሚያጎድሉትን በብርቱ ያስጠነቅቃል። ይህን የእህል ነጋዴ ብቻ የሚመለከት አድርገን ካየነው ትምህርቱን አጥብበነዋል። ስለ ራሳችን እምነት ሲነገር ሙሉ ቁና የምንጠብቅ፣ ስለ ሌላው ስንናገር ግን የምናጎድል ከሆነ እኛም ከአጉዳዮቹ ተርታ እንገባለን።

እስቲ ከራሳችን እንጀምር። «ሙስሊሞች መካ ሄደው ድንጋይ ያመልካሉ» ሲባል እንከፋለን። መልሳችንም የታወቀ ነው፤ ሐጀረል አስወድን የምንስመው የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ፈለግ በመከተል እንጂ ይጠቅመናል ወይም ይጎዳናል ብለን አይደለም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ) ሲስሙት የማይጠቅምና የማይጎዳ ድንጋይ መሆኑን እንደሚያውቁ በግልጽ ተናግረዋል። ጠያቂያችን ይህን ሰምቶ እንዲመዝነው እንፈልጋለን፤ ሳይሰማ ቢፈርድብን በደለን እንላለን።

አሁን ያንኑ ቁና ገልብጠን ለሌላው እንስፈርበት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለአምላክ ብቻ የሚገባ የአምልኮ ስግደት አለ፤ ለቅዱሳን የሚቀርበው የአክብሮት ስግደት ግን ሌላ ነው ብለው ይለያሉ። ሙስሊም በተውሒድ እምነቱ መሠረት ይህን ልዩነት ላይቀበለው ይችላል፤ አለመቀበሉንም በግልጽ መናገር ይችላል። ነገር ግን እነርሱ እንደሚለዩ እያወቀ፣ እንዳልለዩ አድርጎ ከጠየቀ ሰፍሮ አጉድሏል። ስለ ሥላሴ የቀረበውም ጥያቄ እንዲሁ ነው። ክርስቲያኑ «በአንድ አምላክ አምናለሁ» ይላል። «አንድ አምላክ ትላላችሁ፤ ሥላሴ የምትሉትን ከአንድነቱ ጋር እንዴት ታስማሙታላችሁ?» ማለት ከባድ፣ ግን ቀና ጥያቄ ነው። «ለምን ሦስት አምላክ ታመልካላችሁ?» የሚለው ግን ፍርዱን አስቀድሞ ጥያቄውን ያስከተለ ነው። ቁርኣን በሥላሴ ላይ ያለው አቋም (አል-ማኢዳህ 5፡73) ለሙስሊም ግልጽ ነው። ያን አቋም በመልሱ ውስጥ ማስረዳት አንድ ነገር ነው፤ ክርስቲያኑ ስለ ራሱ የማይለውን ቃል በአፉ ማኖር ግን ሌላ ነው።

በዚህ ረገድ ከሀገራችን ታሪክ የበለጠ ምሳሌ መፈለግ አያሻንም። እ.ኤ.አ. ከ615 ጀምሮ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ለማስመለስ ቁረይሾች ሁለት መልእክተኞች ላኩ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በቦታው የነበሩ ናቸውና ታሪኩን አስተላልፈውልናል። መልእክተኞቹ ለንጉሡ ሹማምንት አስቀድመው ስጦታ ሰጡ፤ የጠየቁትም ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ እንዲመክሩላቸው ነበር። ነጃሺ ግን ተቆጡ። ሰዎቹን ጠርቼ ስለሚባልባቸው ነገር ራሳቸውን ሳልጠይቅ አሳልፌ አልሰጥም አሉ። በማግስቱ ያኔ ገና ያልሰለሙት ዐምር ኢብኑል ዓስ ሌላ ዘዴ ይዘው መጡ፤ እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይናገራሉና ጠይቋቸው አሉ። ጣዖት አምላኪው ቁረይሽ ስለ ዒሳ ምን ገዶት? የተፈለገው እውቀት አልነበረም፤ ስደተኞቹን ከአስጠጋቸው ንጉሥ ጋር ማጋጨት ነበር።

ውድ አንባቢ! እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ በል። ነጃሺ ጥያቄው ከተንኮል የመጣ ቢሆንም እንኳ መልሱን ከባለቤቶቹ አፍ ሰሙ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብም (ረ.ዐ) ንጉሡን ለማስደሰት ብለው እምነታቸውን አልሸሸጉም፤ የክርስቲያኖቹንም እምነት አልዘለፉም። ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግል መርየም የተጣለ ቃሉና ከእርሱ የሆነ መንፈስ መሆናቸውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሯቸው ተናገሩ። አንድ ሰው ነፍሱ በሰው እጅ ሳለች በዚህ አደብ ከመለሰ፣ እኛ በሰላም ተቀምጠን አደብ ብናጣ ምን ምክንያት እናቀርባለን?

ከሙስሊም ሊቃውንትም የዚህን መንገድ አካሄድ ያሳዩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ973 በኸዋሪዝም የተወለዱት አል-ቢሩኒ ስለ ሕንዶች እምነት ለመጻፍ ሲነሱ የወሬ ወሬ አልበቃቸውም። ሳንስክሪት ተማሩ፤ የሕንድ ሊቃውንትን ጠየቁ። በ1030 ገደማ ባጠናቀቁት መጽሐፋቸው መግቢያ ላይም ሥራቸው የክርክር መጽሐፍ እንዳልሆነ፣ የሕንዶችን ሐሳብ እነርሱ እንደሚሉት እንደሚያቀርቡ አስታወቁ። በዚህ ምክንያት ኢስላማቸው አልሳሳም። ልዩነቱን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር፤ ያወቁትም በትክክል ስለ ሰሙ ነው።

«ታዲያ እውነትን መደበቅ አይሆንም ወይ? ስህተትን ስህተት ማለት ግዴታችን አይደለም ወይ?» የሚል ወንድም ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቁርኣን ግን ከመጽሐፉ ባለቤቶች ጋር መከራከርን አልከለከለም፤ በመልካም አኳኋን ይሁን አለ እንጂ (አል-ዐንከቡት 29፡46)። ሌሎች የሚያመልኩትን መስደብ ደግሞ የከለከለው ምክንያቱን ጭምር ገልጾ ነው፤ እነርሱም በአጸፋው ያለ እውቀት አላህን እንዳይሰድቡ (አል-አንዓም 6፡108)። እንግዲህ የስድብ ወረቀት አንብቦ አዳራሹን ያሳቀ ሰው፣ ነገ በሌላ አዳራሽ በአላህ ስም ላይ ለሚነገረው ስድብ በር ከፍቷል። ይህ ለዲን መቆርቆር ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ወረቀት ይዘህ ስትቀመጥ ራስህን ጠይቅ፤ የእምነቱ ባለቤት እዚህ አጠገቤ ቢቀመጥ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ራሱን ያገኛል? ካገኘ፣ ጥያቄው የቱንም ያህል ቢከብድ ይነበብ። ካላገኘ፣ ጠያቂውን ሳታሳፍር ቃሉን አስተካክልለት። መልሱንም ለየው። ክርስቲያኖች ምን እንደሚያምኑ ከሊቃውንታቸው ወይም ከመጻሕፍታቸው ይቅረብ፤ ኢስላም በዚያ ላይ ምን እንደሚል ዑለማዎቻችን ይናገሩ። ሁለቱን ደባልቆ የራስን ግምት የሌላው እምነት አድርጎ ማቅረብ፣ በማያውቁት ነገር መከተልን የከለከለውን ትእዛዝ (አል-ኢስራእ 17፡36) መርሳት ነው።

ያን ሦስተኛ ወረቀት ግን አደራ እንዳታስቀረው! ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጣለው እርሱ ነው፤ ስድቡ ሲያስቅ ጥርጣሬው ያስደነግጣልና። ያ ወጣት ማንንም አልበደለም። ጓደኛው ጠይቆት መልስ አጣ፤ መልስ ፍለጋም ወደ ወገኖቹ መጣ። በዝምታ ከሸኘነው ጥርጣሬው አብሮት ይሄዳል፤ ሁለተኛም አይጠይቀንም። በመድረክ ላይ ማንበቡ የሚያሳፍረው ከሆነ ለብቻው ይጠራ፤ የሚያውቅ ሰው በእርጋታ ያነጋግረው፤ ወደ ጓደኛውም ተመልሶ በአደብ እንዲነጋገር ይበረታታ።

በሀገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ ይኖራል፤ በአንድ ገበያ ይሸምታል፤ ሐዘን ሲደርስ አብሮ ይቀመጣል። ስለ እምነቱ መጠየቁ የማይቀር ነው፤ መልካምም ነው። አበው በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ። አላህ (ሱ.ወ) ስንጠይቅም ስንመልስም ሚዛናችንን ከማጉደል ይጠብቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።