ፈውስና ተራ

ሕመምተኛ ዳነ የሚባለው ሕመሙ ሲለቀው ነው ወይስ ሰው ሲቀበለው? ጥያቄው በኤችአይቪ ዘመን በግልጽ ተነሥቷል። የበሽታው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ ይታደል ጀመር፤ ነገር ግን ከከተማው በላይ በእንጦጦ ጠበል ይጠመቁ ከነበሩት ሕሙማን መካከል ኪኒን መዋጥ እምነትን መካድ የመሰላቸው ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አጣምሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ ተናገሩ። ጠበልና ኪኒን ታረቁ፤ የሰውና የሰው ዕርቅ ግን በአዋጅ የሚሆን አይደለም።

ከሾላ ገበያ ብዙም የማይርቀውን የየካ ሚካኤልን ደብር የመሰለ አጥቢያ ይታሰብ። በወር በ12ኛው ቀን ማኅበርተኞች ይሰበሰባሉ፤ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የደገሰውም ለባለ ተራው ያስረክባል። ከአልጋ የተነሣውን ሰው “አይድከም፣ ይረፍ” ብለው ተራውን ቢዘሉበት ርኅራኄ ይመስላል። እርግጥ ነው፣ አንዳንዴም ርኅራኄ ነው። ዳሩ ግን ከእጁ ላለመቅመስ የተበጀ የጨዋ ሰበብም ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱንም ከማንም በፊት የሚያውቀው የተዘለለው ሰው ነው። መቀበል ብቻ የተፈቀደለት ሰው ከማኅበርተኛነት ወደ ተጧሪነት ወርዷል። ስለዚህ አቅሙ ይፈቅድ እንደሆነ እርሱው ይጠየቅ። ይፈቅዳል ካለም ጽዋውን ይረከብ፤ ከሾላ ጌሾና ብቅል ይሸምት፤ ጠላውንም ይጥመቅ፤ ማኅበርተኞቹም መጥተው ይጠጡለት።