ስለ ተዘጋው ደጅ

በሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ሁለት የሚባል ሰፈር አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ በኋላ በዚያች ከተማ የሚመላለስ ሰው፥ ከአገራችን የተሰደደውም ጭምር፥ በየኬላው ይቆም ነበር። ታጣቂዎች ስልኩን ተቀብለው ፎቶግራፉንና መልእክቱን ይመረምሩ ነበር፤ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ሰውን የጠላት ወገን አሰኝቶ ሊያሳስረው ይችል ነበር። ነገር ግን በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የተፈረመው የሱዳን ሕገ መንግሥታዊ ሰነድ በሕግ ካልሆነ በቀር የሰውን ቤትና ደብዳቤ መድፈርን ከልክሎ ነበር።

«ንጹሕ ሰው ፍተሻን ስለ ምን ይፈራል? እግዚአብሔርስ ሁሉን ያይ የለምን?» የሚሉ አሉ። በእውነት መዝሙር 139 እንደሚያስተምረን ከእርሱ የሚሰወር የለም። ሆኖም ልብን መመርመር የፈጣሪ ሥልጣን ነው እንጂ ለወታደር የተሰጠ አይደለም። ጌታችንም ስለ ጸሎት ሲያስተምር (ማቴ. 6፥6) ደጅን መዝጋትን አዘዘ እንጂ አልነቀፈም።

ኦሪት ዘዳግም 24፥10–11ን ልብ እናድርግ። አበዳሪ መያዣ ሊቀበል ሲመጣ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፥ ነገር ግን ተበዳሪው ራሱ እስኪያወጣለት በውጭ እንዲጠብቅ ታዝዟል። አበዳሪው እውነተኛ መብት አለው፤ ቢሆንም መብቱ በደጃፉ ላይ ያበቃል። የሰው ክብር ከዕዳው ይበልጣልና።

እንግዲህ መንግሥት ወንጀለኛን አይፈልግ አንልም፤ ሮሜ 13 ይህን ሥልጣን ያጸናለታል። ነገር ግን አስቀድሞ ዳኛን ይጠይቅ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 ዓ.ም. ፖሊስ የያዘውን ሰው ስልክ እንኳ ያለ ዳኛ ትእዛዝ እንዳይመረምር ፈርዷል። የአገራችንም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን ደብዳቤና የስልክ ግንኙነት ይጠብቃል።

ደግሞም በስልክ ውስጥ ያለው ምሥጢር የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ኃጢአቱን ለእረኛው የጻፈ ወንድም፥ ሕመሟን ለልጇ የገለጠች እናት በዚያ አሉ። የአንዱን ደጅ የሚሰብር የብዙዎችን ደጅ ይሰብራል።

ወዳጆች ሆይ፤ ይህ ፍርድ ከእኛ ይጀምር። የሚስቱን ስልክ በስውር የሚያነብ ባል፥ የወጣቶችን መልእክት የሚበረብር የጉባኤ ሽማግሌ፥ በገዛ ቤቱ ኬላ አቁሟል። ሁሉን የሚችል ጌታ እንኳ ደጃችንን ሳይሰብር ቆሞ የሚያንኳኳ ከሆነ (ራእይ 3፥20)፥ የባልንጀራችንን ደጅ ልንሰብር እኛ ማን ነን?