ጠባዩ ነው ወይስ ሕመሙ?

ከቤተሰባችን አንዱ፣ ቁጥብና ቤቱን አክባሪ የነበረ ሰው፣ በድንገት እንቅልፍ አጥቶ ሌሊቱን ሲያወራ ቢያድር፣ ያለውን ገንዘብ ቢበትን፣ ታላላቆቹን ቢዘልፍ ምን እንላለን? አንዱ ዘመድ «ድሮም ጠባዩ ነው፤ ደብቆት ነው የኖረው» ይላል። ሌላው፣ በተለይ ጥቂት ፊደል የቆጠረው፣ «የአንጎል ኬሚካል ነው፤ ሰው ራሱ ኬሚካል ስለሆነ ማንም በምንም አይጠየቅም» ይላል። ሁለቱም ችኩል ፍርድ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት እስቲ ወደ አንዲት ሴል ውስጥ እንግባ።

ሴሎቻችን ከሚሠሯቸው ነገሮች አንዱ ኢኖሲቶል ይባላል። ጀርመናዊው ዮሐን ሼረር እ.ኤ.አ. በ1850 ከጡንቻ ለይቶ ያወጣው፣ ጣፋጭነት ያለው ንጥረ ነገር ነው። የሚሠራው ከግሉኮስ፣ ማለትም ከምግባችን ከሚገኘው ስኳር ነው። የሚደንቀው ሁለቱም 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጂንና 6 ኦክስጂን የያዙ መሆናቸው ነው፤ ልዩነታቸው አደራደሩ ብቻ ነው። ግሉኮስ ቀለበት ሲሠራ አንድ ኦክስጂን በቀለበቱ ውስጥ ይገባል፤ የኢኖሲቶል ቀለበት ግን ስድስቱ ካርቦኖች ብቻ እጅ ለእጅ የተያያዙበት ነው።

ሥራው በሦስት ኢንዛይሞች ይከናወናል፤ ኢንዛይም ማለት በሴል ውስጥ አንድን ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። የመጀመሪያው፣ ሄክሶካይኔዝ፣ በግሉኮሱ ስድስተኛ ካርቦን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ዋናው ሁለተኛው ነው፤ ኢኖሲቶል ፎስፌት ሲንቴዝ ይሉታል። ይህ ኢንዛይም ኤንኤዲ የሚባል ረዳት በጉያው ይይዛል። ረዳቱ ከስኳሩ አምስተኛ ካርቦን ላይ ሃይድሮጂን ይወስዳል፤ በዚህን ጊዜ የስኳሩ ሰንሰለት ሁለት ጫፎች ይገጥሙና ቀለበት ይሆናል፤ ቀለበቱ ከተዘጋ በኋላ ረዳቱ የወሰደውን ሃይድሮጂን እዚያው ካርቦን ላይ መልሶ እንደ መጀመሪያው ባዶ እጁን ይቀራል። ሦስተኛው፣ ኢኖሲቶል ሞኖፎስፋቴዝ፣ በማግኒዚየም እየታገዘ ፎስፌቱን ይነቅላል። የአንድ ጤነኛ ሰው ሁለት ኩላሊቶች በቀን 4 ግራም ያህል ኢኖሲቶል በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ከደም ወደ አንጎል የሚያልፈው ጥቂት ስለሆነ አንጎልም የራሱን ይሠራል።

ስለ ሁለተኛው ኢንዛይም የሰማ ሰው «አያችሁ፣ አማና ጠባቂ! የተበደረውን ይመልሳል» ማለት ይቃጣዋል። ምሳሌው ያምራል፤ ግን አይሠራም። ኢንዛይሙ አልመልስም ማለት አይችልም። ብድሩን ሊክድ የማይችል ነገር ታማኝ አይባልም፤ ሲበላሽም ከዳተኛ አይባልም። ሰውን የምናመሰግነው መካድ እየቻለ ስለሚመልስ፣ የምንወቅሰውም መመለስ እየቻለ ስለሚክድ ነው። ያ «ሰው ኬሚካል ነው» የሚለው ወንድማችን የሳተው እዚህ ላይ ነው። ከማይጠየቁ ነገሮች የተሠራ ሁሉ አይጠየቅም ማለት፣ ካርቦንም ሃይድሮጂንም ኦክስጂንም ለየብቻቸው ስለማይጣፍጡ ስኳር አይጣፍጥም እንደማለት ነው።

«ጠባዩ ነው» ወደሚለው ዘመድ እንመለስ። ኢኖሲቶል ፎስፌት ተጨምሮበት ከሴሉ ሽፋን ቅባት ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ከውጭ መልእክት ሲደርስ ከቅባቱ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ይገባና ካልሲየም እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1983 ታወቀ። መልእክቱ ካበቃ በኋላ ፎስፌቶቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ የመጨረሻውን የሚነቅለው ያው ሦስተኛው ኢንዛይም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1949 አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ማኒያ የሚባለው፣ ከላይ የገለጽነው ዓይነት ሕመም የያዛቸው ሰዎች ሊቲየም በተባለ ጨው እንደሚረጉ አስታወቀ። እንዴት እንደሚሠራ ግን አልታወቀም ነበር። በ1971 ሊቲየም በአይጦች አንጎል ውስጥ ኢኖሲቶልን እንደሚቀንስ ታየ፤ በ1980 ደግሞ ጨው የሚያግደው ያንኑ ሦስተኛ ኢንዛይም መሆኑ ታወቀ። ከዚህ ተነሥተው ተመራማሪዎች ሊቲየም ከልክ ያለፈውን የአንጎል መልእክት እንደሚያበርድ ገመቱ። ሊቲየም ሌሎች ኢንዛይሞችንም ስለሚነካ ግምቱ ዛሬም ያከራክራል። መድኃኒቱ ብዙዎችን መርዳቱ፣ በደም ምርመራ ልኩ ካልተጠበቀም መርዝ መሆኑ ግን አያከራክርም።

እርግጥ ጫትና ቡናም ጠባይ ይለውጣሉ፤ ስለዚህ ኪኒን መሥራቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው የታመመው ሰው ራሱ ነው። ሲሻለው በሠራው ይሸማቀቃል፤ «እኔ አልነበርኩም» ይላል።

ዑለማዎቻችን እነዚህን ኢንዛይሞች ሳያውቋቸው ግዴታን ከዐቅል ጋር አያይዘዋል። የማይለቅ እብደትንም ከሚመጣና ከሚሄደው ለይተዋል፤ ሕመሙ የሚመላለስበት ሰው በጤናው ሰዓት የገባው ውል ይጸናል፣ ዐቅሉን ባጣበት ሰዓት የገባው አይጸናም። ያጠፋው የሰው ንብረት ከሀብቱ ይካሳል፤ ወንጀሉ ግን አይጻፍበትም። ተጠያቂነት አንድ ወጥ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ይቀራል። ድኖ ሳለ «በኪኒን የመጣ ርጋታ የኔ አይደለም» ብሎ መድኃኒቱን የሚጥል አለ፤ ዘመድም «ኢማንህ ቢጠነክር ባላስፈለገህ» እያለ ይገፋዋል። ይህ ዘመድ የራሱን ርጋታ ከየት አመጣው? ኢንዛይሞቹ እሱ ተኝቶ ሳለ ማንም ሳያዛቸው ልካቸውን ጠብቀው ሲሠሩ ያድራሉ፤ አላህ ያለ ጥያቄው የሰጠው እንጂ በኢማኑ ብርታት ያገኘው አይደለም። በሌላ በኩል፣ በጤናው ሰዓት ሚስቱንና ወንድሙን ጠርቶ «እንቅልፌ ሲጠፋ ሐኪም ዘንድ ውሰዱኝ፤ እንቢ ብልም አትስሙኝ፤ የባንክ ደብተሬንም ያዙልኝ» የሚል ሕመምተኛ አለ። ይህን ቃል ማንም ኢንዛይም አልሰጠለትም፤ መተው ሲችል የሰጠው እሱ ነው።