በጭንቅ ዘመን ስለ ሠራተኛ ደመወዝና ስለ ዓመት መጨረሻ ጉርሻ

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ሲሳይን ለሚያሰፋውና ለሚያጠብበው፥ ባለጸጋውን በሀብቱ፥ ድኻውንም በማጣቱ ለሚፈትነው ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም የንግድን ሥራ በእጃቸው ሠርተው በታማኝነታቸው አል-አሚን ተብለው በተጠሩት በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። አላህን መፍራት በመስጊድ ውስጥ ብቻ የሚታይ አይደለም። በሱቅ ውስጥ፥ በሚዛኑ አጠገብ፥ ይልቁንም ዓመቱ አልቆ የሒሳቡ መዝገብ በተከፈተ ጊዜ ይታያል።

እናንተ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ነጋዴዎች፥ በዙሪያውም ባሉት የገጠር ገበያዎች የምትነግዱ ወንድሞች ሆይ! ሰኔ 30 ቀን ሒሳብ ይዘጋል፤ ሐምሌ የግብር ወር ነው፤ ከዚያም መስከረም ይጠባል። ከእናንተ መካከል ዓመት በተለወጠ ቁጥር ለአሻሻጩ፥ ለመጋዘን ዘበኛውና ለወፍጮ ሠራተኛው ዛሬ ቦነስ የሚባለውን ጉርሻ መስጠት የለመደ አለ። አሁን ግን ዘመኑ ጠበበ። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በነሐሴ 7 ቀንም በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው ጥቃት ብዙ ነፍስ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚመጣው ሸቀጥ ይቀራል፤ የገበሬውም በቆሎና በርበሬ ከጎተራ ሳይወጣ ይሰነብታል። ዳግመኛም በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ገንዘብ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣውም ጨርቅና ዘይት ተወደደ። ስለዚህ ነጋዴው መዝገቡን ዘርግቶ፦ እኔ ራሴ ሳልተርፍ ለሠራተኛ ምን ልስጥ? እያለ ይጨነቃል። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም፤ መልሱን ግን በሸሪዓ ሚዛን መመዘን ይገባል።

መጀመሪያ ሁለቱን ነገር ለዩ፤ አንዱ ሐቅ ነው፥ ሁለተኛው ኢሕሳን ነው። አላህ በቁርአን በፍትሕና በበጎ አድራጎት በአንድነት አዝዞአል፤ ፍትሕን ግን አስቀድሞአል።

ሐቁ ደመወዝ ነው። ነቢያችን፥ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፥ የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲከፈለው አዝዘዋል። ዳግመኛም አላህ በትንሣኤ ቀን ከሦስት ሰዎች ጋር ራሱ እንደሚሟገት ነግረውናል፤ ከሦስቱም አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ ከተቀበለ በኋላ ዋጋውን የከለከለ ሰው ነው። ወንድሜ ሆይ! በዚህ ዓለም ችሎት ጠበቃ ብታቆም ትችል ይሆናል፤ ከሳሹ አላህ በሆነበት ችሎት ግን ማን ይቆምልሃል? ስለዚህ ገበያ ቀዝቅዞአልና የዚህን ወር ደመወዝ ተውልኝ ማለት የተገባ አይደለም፤ ሠራተኛው ሸክሙን የተሸከመው ገበያ በቀዘቀዘበት ወር ነውና። የአገሩም የሠራተኛ ሕግ፥ የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156፥ ጉርሻን ከደመወዝ ለይቶታል፤ ከደመወዝም ላይ በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ከልክሎአል። ደመወዝ ሳይከፍል ጉርሻ የሚሰጥ ሰው የሰውን ገንዘብ ይዞ በዚያው ገንዘብ ቸር ለመባል የሚፈልግ ነው። በውል ወይም በቃል የተሰጠ ተስፋም እንደዚሁ ነው፤ አማኝ የተናገረውን ይፈጽማል።

ኢሕሳን ግን ከሐቅ በላይ የሚጨመር ነው። ይህን ለመረዳት የነቢዩ ሙሳን፥ ዐለይሂ ሰላም፥ ታሪክ አስቡ። ከግብጽ ተሰድደው መድየን በደረሱ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ለስምንት ዓመት እንዲያገለግሉት ተዋዋላቸው፤ ዐሥር ቢሞሉ ግን ከራሳቸው በጎ ፈቃድ እንደሚሆን፥ ሊያስጨንቃቸውም እንደማይፈልግ ነገራቸው። ስምንቱ ሐቅ ነበረ፤ ሁለቱ ኢሕሳን። ነቢዩ ሙሳም የበለጠውን ጊዜ እንደፈጸሙ ኢብኑ ዐባስ ተናግረዋል።

አሁን ከዚህ ታሪክ ወደ ራሳችሁ ሱቅ ተመለሱ። በዚያ ታሪክ ትርፉን ጨምሮ የሰጠው ሠራተኛው ነው። በእናንተስ ዘንድ በእነዚህ ዓመታት እንዲህ አልሆነምን? ሁከት በተነሣ ሌሊት በመጋዘኑ ደጅ ያደረው ማን ነው? መንገድ ተዘግቶ ሱቁ ባዶ በሆነ ጊዜ ሌላ ሥራ ሳይፈልግ የጠበቃችሁ፥ የገዥውን ዱቤ በታማኝነት የጻፈ፥ ዕቃ ሲመጣ ሰዓት ሳይቆጥር ያራገፈ ማን ነው? በውሉ ላይ ያልተጻፉትን ሁለቱን ዓመታት ሠራተኛችሁ አስቀድሞ ሰጥቶአችኋል። የበጎ ሥራ ዋጋው በጎ ሥራ እንደ ሆነ ደግሞ ቁርአን ያስተምረናል። እንግዲህ በጭንቅ ዘመን የሚሰጥ ጉርሻ ችሮታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የተቀበላችሁትን ኢሕሳን የምትመልሱበት መንገድ ነው።

ስንት ይሰጥ? ቢባል፥ አላህ ባለጸጋው ከሀብቱ እንዲሰጥ፥ ሲሳዩ የጠበበበትም ከተሰጠው ያህል እንዲሰጥ አዝዞአል፤ ነፍስንም ከሰጣት በላይ አያስገድዳትም። ለምሳሌ ሦስት ሠራተኞች ያሉት ነጋዴ በደኅና ዘመን ለእያንዳንዱ የአንድ ወር ደመወዝ 4,000 ብር፥ በጠቅላላው 12,000 ብር ይሰጥ ነበር እንበል። ዘንድሮ ደመወዙን፥ ኪራዩን፥ ግብሩንና ዕዳውን ከፍሎ፥ ለሱቁ መቋቋሚያ የሚሆነውንም አስቀምጦ 4,500 ብር ቢተርፈው፥ ለእያንዳንዱ 1,500 ብር ይድረሰው። ከራሱ ቤት የግብዣና የልብስ ወጪ 3,000 ብር ቢቀንስ ደግሞ ለእያንዳንዱ 2,500 ብር ይሆናል። ጥሬ ገንዘብ ያጣ ከመጋዘኑ እህል ይስፈር። ቁም ነገሩ የብሩ ብዛት አይደለም፤ ጭንቁ መጀመሪያ የማንን ማዕድ እንደነካ ነው።

በዚህ ነገር ኸሊፋው ዑመር፥ ረዲየላሁ ዐንሁ፥ ምሳሌ ይሁኑን። በ18 ዓመተ ሂጅራ በዐረብ አገር የአመድ ዓመት የተባለው ረኃብ በገባ ጊዜ፥ ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ ላለመቅመስ ወሰኑ፤ ዘይት በመብላትም የፊታቸው መልክ እስኪለወጥ ድረስ ታገሡ። የልጁን ሠርግ ድግስ ሳይቀንስ የሠራተኛውን ጉርሻ የሚያስቀር ሰው ግን፥ ዘመን ከፍቶብኛል ቢል ማን ያምነዋል?

ከእናንተ አንዱ፦ ብሰጥ ዋናዬ ያልቃል፥ ሱቁም ይዘጋል፥ ሠራተኛውም እንጀራውን ያጣል፤ ይል ይሆናል። ይህ እውነት በሆነበት ቦታ እውነት ነው። ሱቁን ማቆየትም አማና ነው፤ በወለድ ተበድሮ ስጦታ መስጠትም አልታዘዘም። እንዲህ ያለው ሰው ግን ዝም አይበል፤ ሠራተኛው ጉርሻውን ተስፋ አድርጎ ዱቤ ገብቶ ይሆናልና። አስቀድሞ ይጥራው፥ መዝገቡን ያሳየው፥ በለዘበ ቃልም ይንገረው። እጁ ባጠረና የጌታውን እዝነት በሚጠባበቅ ጊዜ የለዘበ ቃል እንዲናገር አላህ አዝዞአልና።

የአላህ ባሮች ሆይ! ከሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፥ የሰጣችሁትን አትቁጠሩበት፤ መመጻደቅ ምጽዋትን ያጠፋል። ሁለተኛ፥ ዘካን ጉርሻ አታድርጉት፤ ሠራተኛው ድኻ ቢሆን ዘካ ስለ ድኽነቱ ለብቻው ይሰጠዋል እንጂ በሥራው ዋጋ ፈንታ አይሰጠውም። ሦስተኛ፥ በሃይማኖት አታዳሉ። በሱቃችሁ የሚሠራው ክርስቲያን ጎረቤታችሁ እኩል ደክሞአልና እኩል ይሰጠው፤ አላህ በሃይማኖት ምክንያት ላልተዋጉአችሁ ሰዎች በጎ ከማድረግና ፍትሕን ከመፈጸም አልከለከላችሁምና።

በመጨረሻም በዋሻ የተዘጋባቸውን የሦስቱን ሰዎች ሐዲስ አስታውሱ። ከእነርሱ አንዱ ዋጋውን ሳይወስድ የሄደውን ሠራተኛ ገንዘብ አርብቶ ግመል፥ ላምና በግ እስኪሆን ድረስ ጠበቀው፤ ባለቤቱም በተመለሰ ጊዜ ሁሉን ነድቶ እንዲወስድ ሰጠው። በዚህ ሥራው አላህን በለመነ ጊዜ ድንጋዩ ከዋሻው አፍ ፈቀቅ አለ። ዛሬ መንገዱ የተዘጋብን እኛም፥ ድንጋዩን የሚያንከባልል ሥራ ምናልባት በገዛ ሱቃችን ውስጥ ሊሆን ይችላል።

አላህ ሆይ! ሲሳያችንን ሐላል አድርግልን፤ የሠራተኛን ሐቅ በአንገታችን ላይ ይዘን ከመሞት ጠብቀን። ለአገራችን ሰላምን ስጥ፤ የተዘጋውን መንገድ ክፈት፤ ለሞቱት እዘንላቸው፤ ያዘኑትን አጽናና፤ የገበሬውን አዝመራ ባርክ። በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸውም ላይ ሰላትና ሰላም አውርድ። አሚን።