የባለርስቱ ሥዕል

አምቦ ወይም ጉደር ውስጥ አንድ ሰው ባለርስት የነበሩ አያቱን የዘይት ቀለም ሥዕል ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለ እንበል። ጎረቤቱ ደግሞ የእኚሁ ባለርስት ጭሰኛ የልጅ ልጅ ነው። ቡና ሲጠራ ወዴት እያየ ይጠጣ?

ሥዕል መስቀል ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ለዑለሞች እተወዋለሁ። የእኔ ጥያቄ ካባው በምን ተገዛ ነው። ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ይሰፍር ነበር፤ ጉልበቱ ሳይቆጠር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ መሬቱንም ከባለርስቱ ወሰደ። ግድግዳው ላይ ያለውን ግን አልነካም።

አየርላንዶች ከ1920 እስከ 1923 እ.ኤ.አ. ብዙ የባለርስት ቤቶችን ከነንብረታቸው አቃጥለዋል። ዛሬ ግን የእነዚያው ባለርስቶች ሥዕል ደብሊን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ቤት ተሰቅሎ፣ የጭሰኞቹ የልጅ ልጆች በነፃ ገብተው ያዩታል። እኔም ይነቀል አልልም፤ ማቃጠል አንድ ቁና ጤፍ አይመልስም።

በደሉ ሌላ ቦታ ነው። ልጁ «ይህ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ትልቅ ሰው ነበሩ» ብሎ ማቆም ነው። የማንን ጤፍ ይበሉ እንደነበርም ይንገረው፤ ጎረቤትየውም እዚያው ቁጭ ብሎ ይስማ።