ሕግ ሰጪና ፈጣሪ

ሕግን የደነገገ ሰው ሕጉ የሚያስከትለውን ሁሉ አስቀድሞ ያውቃልን? ይህ ጥያቄ የነገረ መለኮት መምህራንንና ፈላስፎችን ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ሲሆን፥ በኻያኛው መቶ ዓመት የሒሳብ ሊቃውንት ሳያስቡት መፈተኛ የሚሆን ትንሽ ዓለም አበጁለት። ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ራሷን የመሰለች ሌላ መኪና የምትሠራ መኪና ልትኖር ትችል እንደ ሆነ ሲመረምር፥ ወዳጁ ስታኒስላቭ ኡላም ባመለከተው መንገድ፥ ዓለሙን እንደ ገበጣ በብዙ ቤቶች ከፈለና፥ እያንዳንዱ ቤት ከ29 ሁኔታዎች በአንዱ እንዲገኝ፥ የሚቀጥለው ሁኔታውም በራሱና በጎረቤቶቹ የአሁን ሁኔታ ብቻ እንዲወሰን ደነገገ። ሴሉላር አውቶማታ የሚባለው ይህ ሥርዓት ነው። ክሪስቶፈር ላንግተንም እ.ኤ.አ. በ1984 በስምንት ሁኔታዎች ብቻ ራሱን የሚያባዛ ቀለበት ሠርቶ፥ በ1987 የሰው ሠራሽ ሕይወት ተመራማሪዎችን ሎስ አላሞስ ላይ ለጉባኤ ጠራ።

ከእነዚህ ዓለማት ሁሉ ስሙ የገነነው ግን የካምብሪጁ ጆን ኮንዌይ የደነገገውና ማርቲን ጋርድነር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1970 በመጽሔት ያስተዋወቀው «የሕይወት ጨዋታ» ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ስምንት ጎረቤቶች ካሉት ከእያንዳንዱ ቤት፥ ሕያው የሆነው ሁለት ወይም ሦስት ሕያዋን ጎረቤቶች ሲኖሩት ይኖራል፥ ሙት የሆነው በትክክል ሦስት ሲኖሩት ሕያው ይሆናል፥ የቀረው ሁሉ ይሞታል ወይም ሙት እንደ ሆነ ይቀራል። ሦስት ሕያዋን ቤቶችን በአንድ ተራ ደርድሮ፥ አራተኛውን ከቀኙ ጫፍ በላይ፥ አምስተኛውን ደግሞ ከዚያ በላይ ባለው ተራ መካከል ላይ ያኖረ ሰው፥ ከአራት ትውልድ በኋላ፥ ማለት ሕጉ በቤቶቹ ሁሉ ላይ አራት ጊዜ ሲፈጸም፥ ያው ቅርጽ አንድ ቤት ወደ ታችና ወደ ቀኝ በሰያፍ ፈልሶ ያገኘዋል። ከቤቶቹ ግን አንዱም ከስፍራው አልተነቃነቀም፤ የተጓዘው መልክ እንጂ ግዘፍ አይደለም።

እንግዲህ ይህ ተጓዥ ሕያው ነውን? የአገራችን መምህራን ለነፍስ ሦስት ባሕርያትን ሲሰጡ፥ ሕያዊት፥ ነባቢት፥ ልባዊት ናት ብለው ነው። ይህ ቅርጽ የመንቀሳቀስን አርኣያ ቢያሳይም፥ የሚናገርበት ቃል፥ የሚያስብበት ልብ የለውምና፥ ከነፍስ ጥላ በቀር ነፍስ አለው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የፍጡሩ ሳይሆን የሕግ ሰጪው ነገር ነው።

ኮንዌይ በዚህ የቤቶች ሰሌዳ ላይ ያለ ወሰን እየበዛ የሚሄድ ቅርጽ አይገኝም ብሎ ስለ ገመተ፥ ይህን ለሚያረጋግጥ ወይም ለሚያፈርስ 50 ዶላር እንደሚሰጥ ተናገረ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ቢል ጎስፐርና ባልንጀሮቹ፥ በየ30 ትውልዱ አንድ ተጓዥ ቅርጽ የሚተኩስ መድፍ ሠርተው ሽልማቱን ወሰዱ። ከአምስት ቤቶች የሚጀምር ሌላ ትንሽ ቅርጽም አለ፤ እርሱም የሚረጋው ከ1103 ትውልድ በኋላ ነው፥ ይህም የታወቀው ትውልዱን አንድ በአንድ በመከተል ነው። ኋላም በዚህ ሰሌዳ ላይ ማናቸውንም ስሌት የሚሠራ መኪና ሊታነጽ እንደሚቻል ስለ ተረጋገጠ፥ አንድ ቅርጽ በመጨረሻው ይጠፋ ወይም ይኖር እንደ ሆነ ለሁሉ አስቀድሞ የሚነግር ዘዴ አይገኝም። በሕጉ ውስጥ ዕጣ የለም፥ ድንገት የለም፤ ሕጉን የሰጠው ሰው ግን እንደ ማንኛውም ተመልካች ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ በቀር ለሁሉ የሚሆን አቋራጭ የለውም።

ሁለተኛ ነገርም አለ። ኤድዋርድ ሙር እ.ኤ.አ. በ1962 እንዳሳየው፥ በውሱን ቤቶች ብቻ የሚለያዩ ሁለት ያለፉ የሰሌዳ ሁኔታዎች ወደ አንድ ውጤት የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ሰሌዳ፥ ምንም ያለፈ ሁኔታ ሊወልዳቸው የማይችሉ ሁኔታዎች የግድ ይኖሩታል፤ ሊቃውንቱም እነዚህን ገነተ ኤደን ይሏቸዋል። ሕጉ ወደ እነርሱ አይደርስምና፥ ሊገኙ የሚችሉት ከውጭ ያለ እጅ በመጀመሪያው ቀን ሲያኖራቸው ብቻ ነው። ሕግ የሚያስረዳው ሽግግርን ነው፤ መነሻውን ራሱ አይሰጥም።

ከዚህ ተነሥቶ ሕግ ብቻ ይበቃል፥ ፈጣሪ አያስፈልግም የሚል ሰው ይቸኩላል፤ የሰሌዳው መነሻ በእጅ ስለ ተደረደረ የዓለምም መነሻ እንዲሁ ነው የሚል ሰውም ከምሳሌው በላይ ይናገራል። ሰሌዳው የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መደንገግና ማወቅ የተለያዩ ሥልጣናት መሆናቸውን ነው። ቤተ ክርስቲያን ፍጥረቱን ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣው አምላክ ፍጥረቱ ሳይሆን አስቀድሞ ያውቀዋል ስትል፥ ሁለቱን ሥልጣናት በአንድ ባሕርይ ታስተባብራለች፤ ሰው ግን የመጀመሪያውን በትንሹ ሲያገኝ ሁለተኛው አልተከተለውም። በዘመናችን ይህች ዓለም ራሷ ከፍ ያለ ፍጡር በኮምፒዩተሩ የዘረጋት ሰሌዳ ናት የሚሉ ሰዎች አሉ። ያ ባለ ሰሌዳ እንደ ኮንዌይ ከሆነ፥ የነገውን ነገር ለማወቅ እርሱም ነገን መጠበቅ አለበት፤ ስለዚህ ብልሃቱ ሊደነቅ ይችላል፥ ስለ ነገ ግን ወደ እርሱ ጸሎት ማድረስ ከንቱ ነው።