ዕድሩን ማን ይሸኘው?

በከተማው መካከል የነበረ አንድ የቆየ ሰፈር ለልማት እንዲነሣ ተወሰነ። ስሙን አንባቢ ያውጣለት፤ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ያየ ሰው ስም አይቸግረውም። አንዱ ከተማው ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም ምትክ ቤት ደረሰው፤ ሌላው ዘመድ ዘንድ ሊጠጋ፣ ሌላው ኪራይ ሊፈልግ ሆነ።

ዕድሩስ? ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ጎላ ድስቱ አይሱዙ ላይ ይጫናሉ። ዕድር ግን የሚኖረው ጡሩንባው እስከሚሰማበት ድረስ ነው። ሌሊት ሰው ሲያርፍ ነጠላውን አዘቅዝቆ በእግሩ የሚደርስ ጎረቤት ከሌለ፣ የሚቀረው የባንክ ደብተር ብቻ ነው።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን አጥርቶ ጨርሶ ነበር። “ተቀማጩን እንካፈል፣ ዕቃውን እንሽጥ፣ ቃለ ጉባኤ ፈርመን እንለያይ። ቤቱ ለሚፈርስበት ሰው ስብሰባ ምን ይሠራለታል?” አለ። በክፋት አልነበረም፤ ሁሉም ደክሞታል።

ዳኛው፣ አዛውንት ናቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው ጠየቁ። “ይህ ዕድር ስንት ሰው ቀብሯል?”

“መዝገቡን ልቁጠር፣ ጋሼ?” አለ ጸሐፊው።

“አትቁጠር። እሱንስ ማን ይቀብረዋል?”

“ዕድር ሰው ነው እንዴ፣ ጋሼ?”

“አይደለም። ግን ለእያንዳንዳችን ድንኳን ተክሎ፣ ቃሬዛ ተሸክሞ፣ እስከ ሠልስት ተቀምጦልናል። ዛሬ ለእርሱ ሲሆን በፊርማ ብቻ እንሸኘው?”

ጡሩንባ ይነፋ ተባለ። ይህን ሲሰሙ አንዲት እማማ ተቆጡ። “ሬሳ በሌለበት ጡሩንባ? ሟርት ነው! በሰው ላይ ሞት አትጥሩ!” ዳኛው ተቀበሏቸው፤ ልክ ነበሩና። ስለዚህ ጡሩንባ ነፊው መሣሪያውን ቤቱ ትቶ በየበሩ ዞረ። በር የከፈተ ሁሉ እርሱን ሲያይ “ማን ሞተ?” እያለ ይደነግጣል። እርሱም “ማንም አልሞተም። ቅዳሜ ኑና እንሰነባበት” ይላል። ዕድሜውን በሙሉ መርዶ ሲያደርስ ለኖረ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድም እንደሚያስደስትም አስቡት።

ቅዳሜ ድንኳኑ ተተከለ። ቡና ተፈላ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተቀመጠ። ጸሐፊው የመዋጮውን ዓምድ ትቶ የሟቾቹን ስም ብቻ አነበበ። ስም በተጠራ ቁጥር አንድ ሰው ስለ ሟቹ ይናገራል፦ የማን ልጅ እንደነበር፣ ማንን አስታርቆ እንደነበር፣ ዝናብ ስለጣለ የማን ቀብር ላይ ጭቃው እንዳስቸገረ። ንባቡ ረዘመ፤ ግን ማንም ይብቃ አላለም።

ከዚያ የአንድ አናጺ ስም ተጠራ። ልጁ ተነሣ። “አባቴ ከመሞቱ በፊት ታሞ ብዙ ወር መዋጮ አልከፈለም ነበር። በደንቡ መሠረት ከአባልነት መሰረዝ ነበረበት። ግን ዕድሩ ቀበረው። ማን እንደከፈለለት እስከ ዛሬ አላውቅም።”

ጸሐፊው ወደ ዳኛው አየ። ዳኛው ወደ እማማ አዩ።

እማማ ፊታቸውን አዞሩ። በጋራ ውኃ ቆጣሪ ሰበብ ከዚያ ቤት ጋር ተኳርፈው፣ ከልጁ እናት ጋር ሰላምታ እንኳ አቋርጠው የኖሩት እርሳቸው ናቸው። “ይህን ማውጣት ምን አስፈለገ?” አሉ በንዴት። “የተከፈለ ነገር አይወራም።”

“ይወራል እንጂ፣ እማማ” አሉ ዳኛው። “ሰኞ እርስዎ በአንድ መኪና፣ እርሱ በሌላ መኪና ሲሄዱ፣ ይህ ልጅ ያላመሰገነውን ምስጋና የት ያድርሰው?”

ልጁ መጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። የቆጣሪው ጠብ ግን ያኔውኑ አልበረደም፤ የልጁ እናት ከተቀመጡበት ሳይነሡ ከሩቅ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ። ለዚያ ቀን ያ በቂ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ ጀርባ እንደተሰጣጡ ተለያዩ። ድርሻውን ብቻ ተቀብሎ የሄደም ነበር፤ ዳኛው ገንዘቡን በእጁ ሰጥተው እንደ ማንኛውም ሰው መረቁት።

ድንኳኑ ላይ ሙግት ተነሣ። ብዙዎቹ፣ በሩቁ ኮንዶሚኒየም ቤት ለደረሳቸው ጥቂት አቅመ ደካሞች ይሁን አሉ፤ እዚያ ገና ዕድር የለምና። አንዱ ጎረምሳ “እንስጥ፣ ግን ከእኛ መካከል ሰው በሞተ ቁጥር የትም ቢሆን ድንኳኑን ይዘው ይምጡ፤ ሁላችንም እንምጣ” አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ዳኛው እጃቸውን አነሡ። “የማንፈጽመውን አንማል። ሦስት ታክሲ ተሳፍሮ ለቀብር የሚደርስ አለ፤ የማይደርስም አለ። በባዶ መሐላ ከተለያየን፣ ያልመጣው ያፍራል፤ ያልተመጣበት ይቀየማል፤ እስከ ዛሬ የደረስንለትም ይረሳል። ድንኳኑ በነጻ ይሂድ። እኛም ‘እንዳንጠፋፋ’ ብለን ብቻ አንለፈው። የበደልሁት ካለ አሁን ይናገረኝ፣ የበደለኝንም ይቅር ብያለሁ።” አስቀድመውም ወደ ገንዘብ ያዡ ሄዱ።

እኔ በዚህ ቦታ ከዳኛው ጋር ነኝ። ስንለያይ ተስፋ መስጠት ቀላል ነው፤ ተስፋው ዛሬ መባል ያለበትን ነገር ለነገ ያሳልፍልናል። ነገ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ድንኳን ሥር አይገኝም።

ድንኳኑ ከእማማ ዕቃ ጋር ሄደ። አዲሱ ቦታ ሲደርስ ከሌላ ሰፈር ተነሥተው የመጡ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ጎረቤቶች ከበቡት። “የማን ነው?” አሉ። “መዋጮ የሚከፍል ሰው ሁሉ” አሉ እማማ። በሚቀጥለው እሑድ ከፎቁ ሥር ስብሰባ ተጠራ፤ ወርኃዊው ክፍያ ስንት ይሁን በሚለው ላይ እስኪመሽ ተከራከሩ።